ዛንዚባር ለጫጉላ፦ ከፋሲካ በኋላ እንሂድ ወይስ እንቆይ?

ናቲ_ከሳሪስ
ሰላም ቤቶች። ሰርጋችን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ለጫጉላ የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን አስበናል። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለው፣ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ፓጄ የሚባል ቦታ አንድ ሆቴል በግማሽ ዋጋ አግኝተናል፤ ቀብድ ልንከፍል ነው። እሷ ባሕር በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔም ከላንጋኖ ውጪ የዋኘሁበት ውኃ የለም። ስለ ቪዛ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምግብ የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉልን። እሷ ጾም አትገድፍም፤ እሱንም አስቡልኝ።

ዳር_ነዋሪ
እንኳን ደስ አላችሁ ናቲ። ቀብዱን ግን እስቲ ቆይ። ግማሽ ዋጋ ያሉህ ፊትህ አምሯቸው አይደለም። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ እዚያ ትልቁ ዝናብ ነው፤ «ማሲካ» ይሉታል። በሚያዝያና በግንቦት ዘግተው ጣሪያ የሚጠግኑ፣ ቀለም የሚቀቡ ሆቴሎች አሉ። ክፍት የሚሆኑትም ሠራተኛ ይቀንሳሉ።

ዝናቡ ሁልጊዜ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ፀሐይ የሚወጣበት ቀን አለ። ሁለት ሦስት ቀን ሳያባራ የሚውልበትም አለ። ባሕሩ ይደፈርሳል፣ የጀልባ ጉዞ ይሰረዛል፣ የመንደሩ መንገድ ጭቃ ይሆናል። መጽሐፍ ይዞ በረንዳ ላይ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ርካሽ ዕረፍት ነው። ባሕር አይታ ለማታውቅ ሙሽራ ግን አልመክርም።

እዚያ ወቅት የሚለየው በነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ከሰሜን የሚመጣው ካስካዚ አለ፣ ሞቃት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ አለ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በኅዳር አካባቢ ትንሹ ዝናብ ይገባል። በጥር የሚያገቡ ሰዎች ሳያውቁት ዕድለኞች ናቸው። ዝናብ ላይ የሚወድቁት ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ናቸው።

ትኬት_ቢሮ
ልክ ነው። የእኛ አገር ሙሽራ የሚበዛው በጥርና በሚያዝያ ነው። የሚያዝያዎቹ ከዚያ ደውለው «ለምን አልነገራችሁንም?» ይሉናል። እንነግራቸዋለን፤ ዋጋውን ሲያዩ ይረሱታል።

ማሂ_21
ታዲያ አሁን ሰርገው ሰኔ ላይ ይሂዱዋ! ጫጉላ የግድ በማግሥቱ ነው ያለው ማነው?

ወለተ_ሩፋኤል
እህቴ ሰኔ እኮ ጾም ነው። ልጅቷ አትገድፍም ተብሏል።

ማሂ_21
እሱ የቄስ ጾም አይደል እንዴ? ሃሃ

ወለተ_ሩፋኤል
የቄስ ጾም የሚባል ነገር የለም፤ ሰባቱም አጽዋማት ለሁላችን ናቸው። ናቲ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከል ያሉት ሳምንታት ከረቡዕና ዓርብ በቀር የፍስክ ናቸው። እዚያ ደግሞ ደረቁ ወቅት ነው። እኛ እዚህ ጃኬት ለብሰን ጎርፍ ስንዘል እናንተ ፀሐይ ትሞቃላችሁ።

ትኬት_ቢሮ
ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሐምሌ ፈረንጆቹም ለዕረፍት የሚወጡበት ወር ነው። ግማሽ ዋጋን እርሳው። ክፍሉን ቀደም ብለህ ያዝ። ከመክፈልህ በፊትም «ታክሱ ውስጡ አለ?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት እየቆጠሩ ስትደርስ የሚያስከፍሉህ የመንግሥት ክፍያ አለ፤ ዋጋው ላይ የማያካትቱት ሆቴሎች አሉ።

አሁን ሰነዶቹን።

ቪዛውን በኢትዮጵያ ፓስፖርት «እዚያ ስደርስ ይመቱልኛል» ብለህ ቦሌ እንዳትሄድ። በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በኩል አስቀድመህ አመልክት፣ ጊዜም ስጠው። ስትፈልግ የመንግሥት የሚመስሉ የደላላ ገጾች ቀድመው ይመጡብሃል። እነሱ ላይ የካርድ ቁጥርህን እንዳታስገባ።

ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን የራሷን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። 44 ዶላር ነው፣ ለ92 ቀን ያገለግላል። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖርህም ይህን አይተካልህም። ከቤትህ በኢንተርኔት ግዛው፤ ኤርፖርት ላይ ሰልፍ ከመያዝ ያድንሃል።

የቢጫ ወባ ካርድም ያስፈልጋችኋል። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰዱ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ካርዱ ገና አልጸናም ይባላል። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ከአሜሪካ ለምንመጣው ልጨምር። በአሜሪካ ፓስፖርት የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ነው። የሌሎች አገሮች አብዛኛው 50 ነው፤ እኛ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን እንድንወስድ እንገደዳለን። ቢጫ ወባውንም አትናቁት። «እኔ ከዋሽንግተን ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል ሰው አለ። አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየህ ይመለከትሃል። እኛ ደግሞ ቤተሰብ ሳናይ፣ ዶሮ ወጥ ሳንበላ መቼ አልፈን እናውቃለን።

ዳር_ነዋሪ
ሌላም ነገር አለ፣ ማንም በግልጽ አይነግርህም። ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግር በመኪና የሚሄዱ ወንድሞቻችን የሚያልፉት በታንዛኒያ ነው። በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲያዩ ጥያቄ የሚያበዙ መኮንኖች አሉ። አትናደድ፣ አትደንግጥም። የመመለሻ ትኬቱን፣ የሆቴሉን ማረጋገጫ፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት አትማችሁ ያዙ። ስልኬ ላይ አለ ብለህ ባትሪህ ሲያልቅ ነው ጣጣው። የሰርግ ፎቶ ብታሳያቸው ደግሞ ፈገግ ብለው ነው የሚያሳልፏችሁ።

የድሮ_መርከበኛ
ልጆቼ፣ ስለ ወረቀቱ በቂ ተብሏል። ስለ ውኃው ግን ማንም አላነሣም። እኔ በባሕር ኃይል ጊዜ ምጽዋ ነበርኩ። ቀይ ባሕር ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ብዙም አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስ ሌላ ነው። ዛንዚባር ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ከፍታው እስከ አራት ሜትር ድረስ ይለያያል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል።

ይህ ለሙሽሮች ምን ያደርግላቸዋል? ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉት በምሥራቅ ዳርቻ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጥቂት እርምጃ አይደለም የሚሸሸው፤ ሜዳውን ሁሉ ለቆ ነጭ መስመር ሆኖ ከሩቅ ይታያችኋል። ፎቶው ላይ ያያችሁት ሰማያዊ ውኃ ሲሞላ የተነሣ ነው። በማለዳ ተነሥታችሁ ልትዋኙ ብትወጡ አሸዋና የባሕር ሣር ልታገኙ ትችላላችሁ።

ግን እሱም ራሱ የሚታይ ነገር ነው። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ጠቅልለው ይወርዳሉ። አሸዋው ውስጥ የተተከሉ ትናንሽ ችካሎች አሉ፣ በመካከላቸው ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ የባሕር ሣሩን ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ በትንሽ ክር ያስሩታል። ሲያድግ ቆርጠው አድርቀው ይሸጡታል፤ ለምግብና ለመዋቢያ ቅባት ማወፈሪያ ወደ ውጭ ይላካል። ሥራው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ገመዱን እንዳትረግጡባቸው። ሳትጠይቁም ፎቶ አታንሡ።

አደጋውን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን፣ ዋና አናውቅም። ውኃው ሲጎድል በእግር ወደ ኮራሉ ድንጋይ መሄድ ያምራል። ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላችሁ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ወደ ፊት እያያችሁ ሳለ መመለሻችሁ ይዘጋል። ሆቴሉ የሙላትና የጉድለት ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ አለው፤ ማታ እዩትና ተኙ። ጎድሎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ውስጥ አትሂዱ። ከድንጋዩ ሥር እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር ፍጥረት አለ፤ በባዶ እግር ከረገጡት ጫጉላው በሐኪም ቤት ያልቃል። የውኃ ጫማ ግዙ። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ «ቅርብ ነው» ቢሏችሁም።

ናቲ_ከሳሪስ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ፓጄን እንተወው ማለትዎ ነው?

የድሮ_መርከበኛ
እንደ ምርጫችሁ ነው ልጄ። ሰሜኑ ጫፍ ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ አሉ። እዚያ መሬቱ ቶሎ ይጠልቃል፣ ውኃው ቢጎድልም መዋኘት ይቻላል። በሐምሌ ደግሞ ኩሲ የሚነፍሰው በምሥራቁ በኩል ነው። ፓጄ በካይት (ነፋስ በሚጎትተው ሸራ) ተንጠልጥለው ውኃ ላይ ለሚንሸራተቱ ወጣቶች ያን ጊዜ ሠርግና ምላሽ ነው። ዋና ለሚማር ሰው ግን ውኃው አያርፍም። ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከነፋሱ ይከለላል፣ የፀሐይ መጥለቂያም ከነሙሉ ክብሩ ይታያል። ኑንግዊ ሰው ይበዛበታል፣ ማታ ጭፈራ አለ። ኬንድዋ ትንሽ ረጋ ይላል።

ማሂ_21
ኬንድዋም ቢሆን ሰንሴት ላይ ሙዚቃው አለ ጋሼ! ፀጥታ የሚፈልግ ጃምቢያኒ ይሂድ።

ራዱ_መርካቶ
አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ አለባበስ ማንም ስላላነሣ እኔ ልበል። የደሴቲቱ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። በሆቴሉ ባሕር ዳርቻ የፈለጋችሁትን ልበሱ። አሮጌው ከተማ ስቶን ታውንም ሆነ መንደር ውስጥ ስትገቡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ወንዱም ያለ ሸሚዝ አይዙር። ነጠላ ቢጤ ቦርሳ ውስጥ ይኑራት። እዚያው የሚሸጠውን ካንጋ ብትገዛ ደግሞ ሽርጥም፣ ሻርፕም፣ ፎጣም ይሆናታል። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው በረመዳን ሊሄድ ካሰበ፣ ቀን ቀን መንገድ ላይ መብላትም መጠጣትም ነውር ነው፣ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው። ማታ ግን ከተማዋ ትነቃለች፤ እኔ እንዲያውም ያንን ነው የምወደው።

የሥጋ ነገር ደግሞ እዚያ የሚታረደው ሁሉ ሐላል ነው። እኛ ሳንጠይቅ እንበላለን፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ የምትጠነቀቁ ከሆነ ዓሣው ሞልቷል። ኦክቶፐስ በኮኮናት የተሠራ ቅመሱ፤ እንዳትፈሩት።

ወለተ_ሩፋኤል
ራዱዬ ስለነገርሽን እናመሰግናለን። ለረቡዕና ዓርብስ ምን አለ? ዓሣ እንዳትሉኝ ብቻ።

ማሂ_21
ኧረ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ...

ወለተ_ሩፋኤል
እሱን ክርክር እዚህ አንጀምር ማሂ።

ራዱ_መርካቶ
ሃሃ። ጾመኛ እዚያ አይራብም። ማሃራጌ የሚሉት ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ይመጣል። ምቺቻ የሚሉት ጎመን ቢጤም አለ። በኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ወይም በቻፓቲ (ቂጣ ቢጤ) ይበላል፤ ካሳቫና ስኳር ድንችም አለ። ቅቤ የለውም ወይ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ አብዛኛው በኮኮናትና በዘይት ነው። ፒላውን ግን ተጠንቀቂ በያት፤ ሩዙ ባዶ ቢመስልም በሥጋ መረቅ ነው የሚበስለው። ኡሮጆ የሚባለው ጎምዛዛ ሾርባም እንቁላል ወይም ሥጋ ይገባበታል። «ያለ እሱ አድርጉልኝ» ብላ ትንገራቸው፤ ያደርጉላታል።

ዳር_ነዋሪ
ገንዘብ። ብር ይዘህ ብትሄድ የሚመነዝርልህ አታገኝም። ባንክ ቪዛህንና ትኬትህን አሳይተህ ዶላር ውሰድ። የዶላር ኖቶቹን እያንዳንዱን አይተህ ተቀበል፤ ያረጀ፣ የተቀደደ፣ በቀለም የተጻፈበት ወይም ከ2009 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር እዚያ የሚመልሱብህ ብዙ ናቸው። የታንዛኒያ ሺሊንግም ያስፈልጋል። ኤቲኤም በብዛት ያለው ስቶን ታውን ነው፤ ወደ ባሕር ዳርቻው ሳትወጣ እዚያው አውጣ። በካርድ ስትከፍል ከላዩ ጭማሪ የሚጠይቁ አሉ።

መጓጓዣ ሁለት ዓይነት ነው። ዳላዳላው ርካሽ ነው። የኑንግዊው 116 ቁጥር ነው። በጎንና በጎን አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ጣሪያው ላይ የሙዝ ዘለላና ጆንያ የሚጫንበት መኪና ነው። ሞላ ስትል ረዳቱ ሌላ ሰው ይጨምራል። የታክሲ ሰልፍ ያሳደገው የአዲስ አበባ ልጅ አይከብደውም። ከሻንጣና ከሙሽራ ጋር ግን ታክሲ ያዝ። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ከኤርፖርት አንድ ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ሆቴሉ መኪና እንዲልክልህ ጠይቅና ኤርፖርት በር ላይ ካሉት ዋጋ ጋር አነጻጽር። ዋጋው መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይለቅ።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው! ጠዋት ሳኣ ታቱ ካሉህ ሦስት ሰዓት ነው፣ የኛው ሦስት ሰዓት። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ አንተ ቤትህ ነህ። ግን ሾፌሩ በእንግሊዝኛ ከተናገረ የፈረንጁን ማለቱ ነው። የሆቴልና የአውሮፕላን ሰዓትም በፈረንጅ ነው። በየትኛው እንደሆነ ደግመህ ጠይቅ፤ ከኛ ጋር የሰዓት ልዩነትም የለም።

ትኬት_ቢሮ
ስቶን ታውን ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ሰው ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይሮጥና ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበች ናት። ጠባብ መንገዶቿ ውስጥ መጥፋት ራሱ ጉብኝት ነው። የአንግሊካን ካቴድራሉ የተሠራው ጥንት ባሪያ ይሸጥበት በነበረው ቦታ ላይ ነው፤ ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት ግንባታው ተጀመረ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ በሰንሰለት የታሰሩ ሐውልቶች አሉ። ለጫጉላ ይከብዳል የሚል አለ፤ እኔ ግን ሳታዩት አትለፉ እላለሁ። የታወቀው የድንቆች ቤት (የድሮው የሱልጣን ቤተ መንግሥት) በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ስለተደረመሰ፣ ወደ ውስጥ መግባት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ገበያ አለ። የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ እዚያው ፊታችሁ ይጨመቃል። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነው፤ ከፒዛ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። የባሕር ምግቡን ከመብላታችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ከትናንት የተረፈ የሚመስል እንጨት ላይ የተሰካ ነገር ደግሞ አትንኩ፤ ትኩሱን ከእሳቱ ላይ አስወጡ።

ማሂ_21
ቡናስ? ያለ ቡና ማን ይውላል!

ዳር_ነዋሪ
ጆስ ኮርነር የሚባል መገናኛ አለ ስቶን ታውን ውስጥ። ሽማግሌዎች ድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ቡና በሲኒ ይጠጣሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ፣ ፖለቲካ ያወራሉ። ከየት ነህ ሲሉህ ኢትዮጵያ በል። ስለ ቡና ማውራት ይጀመራል፤ ቶሎ አትነሣም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
በደቡብ በኩል ኪዚምካዚ በሚባል መንደር ዶልፊን እናሳያችሁ የሚሉ ጀልባዎች አሉ። አሥር ጀልባ አንድ መንጋ ሲያሳድድ አይቻለሁ፤ እኔ አልወደድኩትም። በምትኩ ጆዛኒ ጫካ ሂዱ፣ የዛንዚባር ቀይ ኮሎበስ የሚባለው የጉሬዛ ዘመድ በዓለም ላይ ያለው በዛንዚባር ደሴቶች ብቻ ነው። የቅመም እርሻውም ጥሩ ነው። ቅርንፉድ ከዛፍ ሲለቀም፣ ቀረፋ ከግንዱ ሲላጥ፣ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲያድግ ታያላችሁ። ገበያ ለምታውቅ እናት ስጦታ ከዚያ ግዙ። ዛጎልና ኮራል ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፤ ይወረሳል፣ ያስቀጣልም።

ጥቁር ነኝ ፀሐይ አይነካኝም የምትሉ ደግሞ፣ የባሕሩ ነጸብራቅ ይጠብሳል። ሰንስክሪን ያዙ።

ናቲ_ከሳሪስ
ቤቶች እጅግ አመሰግናለሁ። ተነጋገርን፤ ሰርጉ እንደታሰበው፣ ጉዞው ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ኬንድዋ። የፓጄውን ሆቴል ተውነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ስኩተር ተከራይተን መዞር ይቻላል? የወባ መድኃኒትስ?

ዳር_ነዋሪ
ስኩተር ይቻላል። ግን የዛንዚባር የራሷ የመንጃ ወረቀት ያስፈልግሃል፤ አከራዩ ከመንጃ ፈቃድህ ጋር በትንሽ ክፍያ ያወጣልሃል። ያለ እሱ እንዳትነሣ፣ መንገድ ላይ ፖሊስ በየቦታው ያስቆማል። የሚነዳው በግራ ነው። አንተ ሕይወትህን ሙሉ በቀኝ ነው የነዳኸው፤ አደባባይ ላይ እጅህ በራሱ ወደ ቀኝ ይሄድብሃል። በጫጉላ ሰሞን ሾፌር ይንዳህ እንጂ።

የድሮ_መርከበኛ
ወባው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ሐኪም አማክሩ፣ መድኃኒቱን ከመሄዳችሁ በፊት መጀመር ሊኖርባችሁ ይችላል። ማታ ረጅም እጅጌ፣ አጎበር።

ትኬት_ቢሮ
ሶኬቱ ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ የእንግሊዝ ነው፤ የእኛ ቻርጀር አይገባም። አዳፕተር ከዚህ ይዘህ ሂድ፣ ርካሽ ነው። ፌስታል ሻንጣህ ውስጥ አታድርግ፤ ክልክል ነው። የቪዛውን ማመልከቻ ደግሞ ከሰርጉ በፊት ጨርሰው፤ ከሰርጉ በኋላ መልስ፣ ቅልቅል እያላችሁ ጊዜ አይኖራችሁም።